ሳይከፈት ይላክ

ይህን የምጽፈው እመኑኝ ብዬ ለመለመን አይደለም። ማስረጃ አምጪ ብትሉኝ የማሳያችሁ አንዲት ፎቶ ብቻ ናት፤ እሷም ብቻዋን ምንም አትናገርም። ግን የሆነ ነገር ነው። በእኔ ላይ የሆነ።

ሰዓቱን ሳይቀር አስታውሰዋለሁ። ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ። ዋናው ፖስታ ቤት። መስኮት ሦስት።

ጨለማ አልነበረም። መብራት አልጠፋም። ውሻም አላላዘነም።

ጠራራ ፀሐይ ነበር፤ ከፊቴ አሥራ አንድ ሰው ተሰልፏል፤ እኔ ደግሞ ጥቅሌን በሁለት እጄ ደረቴ ላይ አጣብቄ ቆሜያለሁ።

መጀመሪያ ስለ ጥቅሉ ልንገራችሁ።

አባቴ ሳንቲም ሰብሳቢ ነበር። እንጀራው የሂሳብ መምህርነት ነው፤ ልቡ ግን መሳቢያው ውስጥ ነበር። ባሕር ማዶ ካሉ ሰብሳቢዎች ጋር ይለዋወጣል። አንድ ይልካል፣ አንድ ይመጣለታል። እናቴ "እኔ ሁለተኛ ሚስት ነኝ፤ የመጀመሪያዋ እዚያ መሳቢያ ውስጥ ናት" ትለው ነበር። እሱ ይስቃል፣ መሳቢያውን ይቆልፋል።

አንዷ ሳንቲም ግን ልውውጥ ውስጥ አትገባም ነበር። ትሄዳለች፣ ትመለሳለች። እናቴ "የባሕር ማዶው ሰውዬ" የምትለው አንድ ሽማግሌ አለ። ከአባቴ ጋር ሠላሳ አንድ ዓመት ሲጻጻፉ አንድ ቀን በአካል አልተያዩም። ሳንቲሟ አንድ ዓመት እሱ ጋ፣ አንድ ዓመት እኛ ጋ ትቀመጣለች። ዓመቱ ሲሞላ አንዳቸው ለሌላው ይልካሉ። ለምን እንደሆነ ስጠይቅ አባቴ "ስምምነታችን ነው" ብሎ ያልፈኛል።

በጥቁር ወረቀት ትጠቀለላለች። በሁለት ካርቶን መሃል ትገባለች። ክር ይዞርባታል። ክሩ ላይ ቀይ ሰም ይፈስበታል።

እኔ በሃያ አምስት ዓመት ዕድሜዬ አይቻት አላውቅም ነበር።

አባቴ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ጠራኝና እንዲህ አለኝ።

"የወሩ የመጨረሻ ዓርብ ዓመቷ ይሞላል፤ እንዳያልፍ።"

"እሺ አባዬ።"

"ሳይከፈት። ሰሙን እንዳትነኪው።"

"እሺ።"

"ድጋሚ በይኝ።"

"እሺ አልኩህ እኮ አባዬ..."

ሦስት ጊዜ "እሺ" አስባለኝ። ከዚያ በኋላ አልተነጋገርንም።

ጥቅሉ ላይ በእጁ ጽፎበታል፦ ሳይከፈት ይላክ።

አያችሁ፣ ቀላል ነገር ነው። አንድ ጥቅል ፖስታ ቤት ወስዶ መላክ። ሕፃን ልጅ የሚሠራው ሥራ።

አባቴ ሲልክ የሚያውቃቸው አንድ አዛውንት ሠራተኛ ነበሩ፤ ጥቅሉን ከእጁ ይቀበሉና ሳያገላብጡ ማኅተም ይመቱበታል። እሳቸው ጡረታ ወጥተዋል። የግል መላኪያ ድርጅት ጋ ሄድኩ፤ "ሳንቲም፣ ባትሪና ፈሳሽ አንቀበልም" አሉኝ። ሌላው ጋ ሄድኩ፤ ፎርሙን በስልክሽ ሙዪ አሉኝ። ፎርሙ ላይ ልብስ አለ፣ ሰነድ አለ፣ የመኪና ዕቃ አለ። ሳንቲም የለም። "ሌላ" የሚለውን ስነካ ወደ መጀመሪያው ገጽ ይመልሰኛል። አሥር ጊዜ መለሰኝ።

ስለዚህ መስኮት ሦስት ቀረ።

መስኮት ሦስት ላይ የምትቀመጠውን ሴትዮ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ። ማወቅ ከተባለ። ፊቷን ወደ ኮምፒውተሩ አዙራ ስለምትቀመጥ የሚታየን የግራ ጉንጯ ብቻ ነው። ፀጉሯ ከኋላ ተጠቅልሏል። ጆሮዋ ላይ ቀይ እስክሪብቶ ተሰክቷል። ሰው ስታናግር አትዞርም። ሃያ ዓመት ሙሉ ሁለተኛ ዓይኗን አይቼ አላውቅም።

ሌላው የማውቃት በጀርባዋ ነው። ከሕንፃው ኋላ የፖስታ ሳጥኖች የተደረደሩበት መተላለፊያ አለ። የአባቴ ሳጥን እዚያ ነው። ትንሿን በር በቁልፍ ስትከፍቱና ውስጡ ባዶ ሲሆን፣ በወዲያኛው በኩል የሠራተኞቹ ክፍል ይታያል። ልጅ ሆኜ አባቴ አንሥቶ ያሳየኝ ነበር። የመስኮት ሦስት ጥቅል ፀጉር ልክ ቀዳዳው መሃል ይመጣል። "ያቻት ንግሥታችን" ይለኛል በሹክሹክታ፤ እኔ እስቃለሁ።

ማክሰኞ ዕለት አሥራ አንዱ ሰው አለቀ። (ሁለት ሰው መሃል ገብቶብኝ ነበር። ዝም አልኩ። ዝም ማለት ልማዴ ነው፤ ይህንን ያዙልኝ።)

"ምንድን ነው?" አለች ወደ ኮምፒውተሩ።

"ጥቅል ነው... ወደ ውጭ የሚላክ።"

"ውስጡ?"

"ሳንቲም። አንድ ብቻ። የሰብሳቢዎች ሳንቲም ነው።"

"ክፈቺው።"

"ይቅርታ፣ ታሽጓል። አባቴ..."

"እህቴ፣ ወደ ውጭ የሚሄድ ዕቃ ሁሉ እዚህ ተከፍቶ ይታያል። መመሪያ ነው። ካልፈለግሽ ቀጣይ!"

ከኋላዬ ያለው ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ። ሰው ሁሉ ያየኝ መሰለኝ። ጆሮዬ ጋለ።

ሰሙን ሰበርኩት።

ጥቁሩን ወረቀት ስገልጥ ያየሁት ይህን ያህል የሚያስደነግጥ አልነበረም። ከአውራ ጣት ጥፍር ከፍ የምትል፣ የጠቆረች ብር። ፊቷን ወደ ግራ ያዞረች የአንዲት ሴት ምስል አለባት። አንድ ዓይን፣ አንድ ጆሮ፣ የተጠቀለለ ፀጉር። እንደ ማንኛውም ሳንቲም።

መስኮት ሦስት በዓይኗ ጠርዝ ገረፍ አድርጋት "ይሄ ቅርስ ቢሆንስ?" አለች። "ከቅርስ ቢሮ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ፎርሙም ሰማያዊው አይደለም፣ ነጩ ነው። በሦስት ቅጂ። ቀጣይ!"

ቀጣይ ሆኜ ወጣሁ።

በሩ ላይ ያሉት ጥበቃ ሲያዩኝ ሳቁ። "ደብዳቤ አምጪ አለችሽ?"

"አዎ አባባ።"

"እግዜር ያጽናሽ ልጄ። እኔ የራሴን ደመወዝ ለመቀበል ደብዳቤ አምጣ ብላኛለች።"

* * *

ረቡዕ ጠዋት ቅርስ ቢሮ ሄድኩ። ባለሙያው ወጣት ሰው ነው፤ ጠረጴዛው ላይ የተሰበሩ ሸክላዎች፣ አጉሊ መነጽርና ግማሹ የተበላ ዳቦ አለ። ጨዋ ነበር። ወንበር ሰጠኝ።

ሳንቲሟን በጓንት ይዞ እያየ ደብዳቤውን ይጽፋል፤ እየጻፈ ድምፁን አውጥቶ ያነባል።

"...በአንድ ገጿ ላይ ፊቷን በትንሹ ወደ ተመልካቹ ያዞረች ሴት ምስል ያለባት፣ ሁለተኛው ቅንድቧ በከፊል የሚታይ..."

"ይቅርታ" አልኩ። "ጎኗ ነው እኮ የሚታየው። አንድ ዓይን ብቻ ነው ያላት።"

"የለም፣ ተመልከቺ።"

በአጉሊ መነጽሩ አሳየኝ። ከአፍንጫዋ ወዲያ፣ እንደ ጭረት የቀጠነች... ቅንድብ።

ትናንት አልነበረችም።

ወይም ትናንት ደንግጬ አላስተዋልኩም ይሆናል። እንደዚያ አልኩ ለራሴ። ደብዳቤው ማኅተም ተመታበት፤ ቅርስ አይደለችም፣ መላክ ትችላለች። ደስ ብሎኝ እየሮጥኩ ወጣሁ።

ከሰዓት በኋላ ስምንት ተኩል ላይ መስኮት ሦስት ፊት ነበርኩ። ደብዳቤ፣ ነጭ ፎርም፣ ሦስት ቅጂ። ሁሉም ተሟልቷል።

"ክፈቺው" አለች።

"ትናንት አይተውታል..."

"ትናንት ትናንት ነው።"

ገለጥኩ። ደብዳቤውን አንዴ፣ ሳንቲሟን አንዴ ገረፍ ገረፍ አደረገቻቸው። ከዚያ እስክሪብቶዋን ከጆሮዋ አውርዳ ደብዳቤው ላይ ቀይ መስመር አሠመረች።

"አይገናኝም።"

"ምኑ?"

"'ሁለተኛው ቅንድቧ በከፊል የሚታይ' ይላል። ይቺ ሁለት ዓይን አላት። ደብዳቤውና ዕቃው አይገናኝም። አስተካክለሽ ነይ።"

አየሁ።

ሁለት ዓይን ነበራት።

አንዱ ወደ ግራ፣ ወደ ድሮው ቦታ ያያል። ሁለተኛው ገና ከአፍንጫዋ ጀርባ ብቅ እያለ ነው፤ እሱ ግን ወደ ግራ አያይም።

ጠቀለልኳት። የሚገርማችሁ፣ በዚያች ሰዓት ከፍርሃቱ ይልቅ የተሰማኝ ንዴት ነው። ይቺ ሴትዮ ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ፊት ዞራ ሳታይ፣ የሳንቲም ቅንድብ ትቆጥራለች!

ይህንን በልቤ ነው ያልኩት። በአፌ "አመሰግናለሁ" ብዬ ወጣሁ።

* * *

ሐሙስ ጠዋት ባለሙያው ሲያየኝ ፈገግ አለ፤ የተመለስኩበትን ስነግረው ፈገግታው ጠፋ።

"እኔ ነኝ የተሳሳትኩት?"

"አላውቅም። እባክህ እየው።"

ወረቀቱን ገለጠ። አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አደረገ። ሳንቲሟን ወደ ብርሃኑ አዘነበላት።

"ከንፈሯም መጥቷል" አለ በሹክሹክታ።

"ምን?"

"ምንም።"

መነጽሩን አስቀመጠ። አላየኝም። አዲስ ደብዳቤ አውጥቶ አንድ መስመር ብቻ ጻፈ፦ የሴት ምስል ያለባት ሳንቲም። ማኅተሙን ሁለት ጊዜ ሳተውና በሦስተኛው መታው።

"ወዴት እንደምታይ አልጻፍኩም" አለኝ። "ማንም አይገናኝም እንዳይልሽ።"

"አመሰግናለሁ።"

"እህት... ድጋሚ እዚህ እንዳታመጫት። እሺ?"

ከመጠቅለሌ በፊት ሳላስበው አየኋት። ሁለቱም ዓይኖች። አፍንጫዋ ሊቀና ጥቂት ነው የቀረው። ከንፈሯ ሙሉ። ሰው ከጎኑ ሲጠራ ቀስ ብሎ እንደሚዞር... ዞራ ልትጨርስ አንድ ጊዜ ብቻ ቀርቷታል።

በቀጥታ ፖስታ ቤት ሄድኩ። አራት ሰዓት ከሃያ ነበር። መስኮት ሦስት ላይ ወረቀት ተለጥፏል፦ ሲስተም የለም።

"መቼ ይመጣል አባባ?" አልኳቸው ጥበቃውን።

"እሱ ሲፈልግ።"

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆሜ ጠበቅሁ። ሲስተሙ አልፈለገም።

ቤት ስገባ እናቴ ወጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርት ትከትፋለች። ጥቅሉን ሳሎን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ሄጄ ሳምኳት። አስተዋልኩ፤ መክተፊያውን ከለመደችው ቦታ አንሥታ፣ ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ፣ ፊቷን ወደ ሳሎን አድርጋ ነው የተቀመጠችው።

"ምነው ብርሃኑን ትተሽ እማዬ?"

"እኔ እንጃ። ጀርባዬን ልሰጠው አልቻልኩም።"

"ለምኑ?"

በቢላዋው ወደ ጠረጴዛው ጠቆመች። "ለዚያ ለአባትሽ ጉድ። ከማክሰኞ ጀምሮ እንዲህ ነኝ። ጀርባዬን ስሰጠው የጠሩኝ ይመስለኛል። እስቲ ክፈችውና ልየው ደግሞ።"

"አይከፈትም!"

ጮኼባት አላውቅም ነበር። እናቴ ቢላዋውን አስቀመጠች።

የዚያን ዕለት አሥር ሰዓት አካባቢ የአባቴን መሳቢያ ከፈትኩ። የባሕር ማዶው ሰውዬ ደብዳቤዎች በየዓመታቸው ታስረው ተቀምጠዋል። የመጀመሪያውን አወጣሁ። የሠላሳ አንድ ዓመት ወረቀት ነው፤ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ሆኗል።

ስለ አየሩ ይጽፋል። ስለ ወገቡ ሕመም ይጽፋል። ከዚያ በመሃል እንዲህ ይላል፦

"ከወረቀቷ አታውጣት። በወጣች ቁጥር ትዞራለች። ከተላከች ወደ ቦታዋ ትመለሳለች፤ ሳትላክ ከዓመት በላይ በቆየችበት ቤት ውስጥ ግን ትቀራለች። ዞራ ስትጨርስ ማንም ከፊቷ አይቁም። የኔ ታናሽ እህት ቆማ ነበር። ሌላ የማውቀው የለም።"

ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ከወጥ ቤት የእናቴ ድምፅ ተሰማኝ። "አቤት!" ትላለች። "አቤት! ጠራሽኝ?"

አልጠራኋትም።

* * *

ዓርብ። የወሩ የመጨረሻ ዓርብ።

ሲስተሙ የመጣው ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። የሁለት ቀን ሰው ተጠራቅሟል። ሰልፉ ደረጃው ድረስ ወርዷል። መስኮቱ አሥራ አንድ ላይ ይዘጋል።

ሰልፉ ላይ ቆሜ ሐሳቤን አዘጋጀሁ። "ይህ ዕቃ መታየት የለበትም" እላለሁ። "ለእርስዎም ደግ አይደለም" እላለሁ። ረጋ ብዬ፣ ዓይን ዓይኗን እያየሁ። እንደገና ሳስበው፣ የማየው አንድ ዓይን ነው።

አሥር ከሃምሳ ላይ ደረስኩ።

"ደብዳቤ።"

ሰጠሁ።

"ፎርም።"

ሰጠሁ።

"ይሄኛው ቅጂ ደብዝዟል።"

አራተኛ ቅጂ ይዤ ነበር። ሰጠኋት። ትንሽ ቅር ያላት መሰለኝ።

"ክፈቺው።"

"እባክዎ..." አልኩ። "ሁለት ጊዜ አይተውታል። ደብዳቤው አለ። ዛሬ ሳይከፈት..."

"አልሰማሽኝም? ካልተከፈተ አይሄድም። ሰኞ ነይና ከአለቃዬ ጋር ተነጋገሪ።"

ሰኞ።

ሰኞ ማለት ቤታችን ማለት ነው። የሳሎኑ ጠረጴዛ። ቢላዋ ይዛ "አቤት" የምትል እናቴ።

አፌን ከፈትኩ። አሁን ስጽፍላችሁ ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ እንደነበር እምላለሁ። "አይዩዋት።" አንድ ቃል። ሕፃን ልጅ የሚናገረው።

"ቶሎ በያ! ሰው ቆሟል!"

ከኋላ አንዱ "እቺን ልጅ ምን ነካት?" አለ። ሌላው ሳቀ።

ዝም አልኩ።

ካርቶኑን ፈታሁ። ጥቁሩን ወረቀት በባንኮኒው ላይ ገፋሁት፤ ጀርባው ወደ እኔ፣ ፊቱ ወደ እሷ። ከመግለጤ በፊት ዓይኔን ወደ መሬት አወረድኩ። የጫማዬ ክር ተፈቷል። እሱን አየሁ።

ወረቀቱን በዳበሳ ገለጥኩት።

ከዚያ ወንበሯ ተንቋቋ።

ያ ወንበር ሲንቋቋ ሰምቼ አላውቅም። ከኮምፒውተሩ ስትዞር ነው... ሙሉ በሙሉ ስትዞር።

"ውይ..." አለች። ድምፅዋ ሌላ ነበር። የሕፃን ድምፅ የመሰለ። "ታየኛለች እኮ።"

ዓይኔን ከክሩ አላነሣሁም።

"አንቺ... ታየኛለች እኮ።"

"ይምቱልኝ" አልኩ በሹክሹክታ። "ማኅተሙን።"

ብዙ ጊዜ አለፈ። ወይም ትንሽ። ወረቀቱ ተመልሶ ሲጠቀለል ተሰማኝ። የጫማዬ ክር ቀለም ግራጫ ነው፤ ጫፉ ተተልትሏል።

ጠጭ።

ማኅተሙ።

ጠጭ። ጠጭ።

ደረሰኙ በባንኮኒው ላይ መጥቶ ጣቴን ነካኝ። ይዤው ወጣሁ። ቀና አላልኩም። ደረጃው ላይ ጥበቃው "ተቀበለችሽ?" አሉኝ።

"ተቀበለችኝ አባባ።"

"እሰይ!"

* * *

አንድ ወር አለፈ። እናቴ መክተፊያዋን ወደ መስኮቱ መለሰች። እንቅልፏ ተስተካከለ። እኔ ወደ ፖስታ ቤቱ አካባቢ ላለመሄድ መንገድ እየቀየርኩ ነበር።

ግን የአባቴ ሳጥን እዚያ ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሰው ሳይበዛ ልድረስ ብዬ ሄድኩ። ሳጥኑን ስከፍት አንድ ወፍራም ፖስታ ተጨናንቆ ሞልቶታል። ጎትቼ አወጣሁት፤ ቁልፉን በሩ ላይ እንደተሰካ ትቼ ወደ ብርሃኑ ወጣሁና አነበብኩ።

የባሕር ማዶው ሰውዬ ጽሑፍ ነው።

የአባቴን ሞት በደብዳቤ ነግሬው ነበር፤ አዝኗል። ሳንቲሟ በጊዜዋ ደርሳለች። ወደ ቦታዋም ተመልሳለች፤ እንደ ድሮዋ ወደ ግራ ታያለች። "ከጥቅሉ ላይ ሰሙ ስላልነበረ ግን ፈርቼ ገልጬ አየኋት" ይላል። "ፎቶ ልኬልሻለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ጆሮዋ ላይ ያለው ምንድን ነው? ድሮ አልነበረም።"

ፎቶዋን አየሁ።

የጠቆረች ብር። ወደ ግራ የዞረች ሴት። የተጠቀለለ ፀጉር። ጆሮዋ ላይ እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠነች ነገር ተሰክታለች።

ከታች በኩል ደብዳቤው ያልቃል፦ "ዓመቱ ሲሞላ ወደ አንቺ እልካታለሁ። ተራው የአንቺ ነው።"

እንዴት ወደ አዳራሹ እንደገባሁ አላውቅም።

ሰልፉ አጭር ነበር። ሰው ይስቃል። መስኮት ሦስት ኮምፒውተሩን ወደ ጎን ገፍታ፣ ፊቷን ቀጥ አድርጋ ወደ ሕዝቡ ተቀምጣለች። ጆሮዋ ላይ እስክሪብቶ የለም። "እንደምን አደሩ እናቴ" ትላለች። "እንደምን አደርክ ወንድሜ፣ ቅጂ ባይኖርህም ግዴለም።" ዓይኖቿ ትልልቅና ውብ ናቸው። ቅንድቧ አይንቀሳቀስም።

"አየሽልኝ?" አሉኝ ጥበቃው። "ሰው ሆነች እኮ! ከዚያ ዓርብ ጀምሮ። አንቺ ነሽ ገደ መልካሟ!"

"እግዚአብሔር ይመስገን" አልኩ።

በግራ በኩል፣ በማስታወቂያ ሰሌዳው አጠገብ ሄጄ አየኋት። ፊቷ ቀጥ ብሎ ወደ እኔ ነበር። ደህና፣ ዞራ ይሆናል አልኩ። በቀኝ በኩል፣ በሚዛኑ አጠገብ ሄጄ አየሁ።

ቀጥ ብሎ ወደ እኔ ነበር።

መሄድ ነበረብኝ። ግን ቁልፉ ትዝ አለኝ።

በኋላው በኩል ዞሬ ወደ መተላለፊያው ገባሁ። ማንም የለም። የሳጥናችን ትንሽ በር እንደተከፈተ ነው፤ ፖስታው ስለወጣ ውስጡ ባዶ ሆኗል። ቁልፉን ልነቅል እጄን ሰደድኩ።

በቀዳዳው የእሷ ድምፅ ይመጣል። ወደ አዳራሹ ነው የምትናገረው። "ቀጣይ! ና ወንድሜ፣ ና!" ትከሻዎቿ ወደዚያ ናቸው። እጆቿ ወደዚያ ተዘርግተው ጥቅል ይቀበላሉ። የቀሚሷ የጀርባ ዚፕ ከወገቧ እስከ አንገቷ ድረስ ቀጥ ብሎ ይታየኛል።

ከዚፑ በላይ፣ ሁልጊዜ ጥቅል ፀጉሯ በሚሆንበት፣ ልክ በቀዳዳው መሃል...

ሁለት ዓይኖች ያዩኛል።